የወጨጫን አሮጌ ቶፖግራፊክ ካርታ ስልክ ላይ ጭኖ ጫካ ለመግባት፦ ደረጃ በደረጃ

ካርታውን ስካን አድርጋችሁ ስልክ ላይ ጫናችሁ፣ ወጨጫ ተራራ ላይ ያለው መናገሻ ሱባ ደን ገባችሁ። ስልኩ ወንዝ መሃል ናችሁ ይላል። እናንተ ደግሞ ደረቅ ሸንተረር ላይ፣ ጽድ ሥር ቆማችኋል። «አሮጌ ካርታ ምን ይጠቅማል» ብላችሁ ትታችሁት ትመለሳላችሁ።

በእኔም ደርሷል። ከጓደኛዬ ጋር የተሳሳተ ፈፋ ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል ወረድን፤ መውጫው እጥፍ ፈጀብን። ቤት ገብቼ ስለካው ካርታው ላይ አንዳች ጥፋት አልነበረም። ስልኩ ውስጥ ያስቀመጥኩት ሁለት መቶ ሜትር አሳስቼ ነበር። የሚጠይቁኝም ሰዎች በአብዛኛው የሚሰናከሉት እዚያው ላይ ስለሆነ ደረጃ 4ን እና 5ን ሳትዘሉ አንብቡ።

አስቀድማችሁ አዘጋጁ

- የቦታው 1:50,000 ካርታ፣ ወረቀቱ ራሱ ወይም ጥሩ ስካን
- ኪውጂአይኤስ የተጫነበት ኮምፒውተር (የካርታ ሥራ ፕሮግራም ነው፤ ነፃ ነው)
- ጂኦቲፍ (የቦታው ቁጥር አብሮት ያለ የምስል ፋይል) የሚከፍት የስልክ መተግበሪያ፤ አቬንዛ ማፕስ ወይም ኪውፊልድ ይበቃል
- ማስመሪያ፣ እርሳስ፣ የመርፌ ኮምፓስ
- የካርታው የወረቀት ቅጂ በላስቲክ ተሸፍኖ

የመጨረሻውን አትናቁት። ወጨጫ ላይ ጉም ሲወርድና ብርዱ ባትሪውን ሲበላው የሚቀራችሁ እሱ ብቻ ነው።

ደረጃ 1፦ ትክክለኛውን ሉህ ያዙ

1. ካርታውን ከስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ጠይቁ። የድሮውን «ካርታ ሥራዎች ድርጅት» የሚያውቁ ሰዎች ዛሬም በዚያው ስም ይጠሩታል። መታወቂያ ያዙ፤ ለመሥሪያ ቤት ከሆነ ደብዳቤም ጨምሩ።

2. የምትጠይቁት በቦታ ስም ብቻ አይሁን፤ በሉህ ቁጥርም ይሁን። ባለ አራት አሃዙ ቁጥር ዲግሪ ነው፤ 0838 ማለት ከ8 ዲግሪ ሰሜንና ከ38 ዲግሪ ምሥራቅ የሚጀምረው ካሬ ነው። ከኋላው ያለው ፊደልና ቁጥር ካሬውን ይከፋፍለዋል።

3. አንድ ሉህ ይበቃል ብላችሁ አትሂዱ። እያንዳንዱ የ1:50,000 ሉህ 15 ደቂቃ በ15 ደቂቃ ነው፤ የሱባ ደን ደግሞ 9 ዲግሪ ሰሜንና 38 ዲግሪ ከ30 ደቂቃ ምሥራቅ የሚባሉት መስመሮች አጠገብ ነው የተቀመጠው። ሁለቱም የሉህ መቁረጫ መስመሮች ናቸው። ስለዚህ የምትሄዱበት ሸለቆ ግማሹ እዚህኛው፣ ግማሹ ጎረቤት ሉህ ላይ ሊሆን ይችላል። መነሻችሁንና መድረሻችሁን በዲግሪ ጽፋችሁ ያዙ፤ ቆጣሪው ፊት ቆሞ ከመገመት ይሻላል።

ደረጃ 2፦ ኅዳጉን አንብቡ

ብዙ ሰው መሃሉን ብቻ ስካን አድርጎ ኅዳጉን ይቆርጣል። ቁልፉ ያለው እዚያ ነው። እነዚህን ፈልጋችሁ ወረቀት ላይ ጻፉ፦

1. ዳተም፣ ማለትም ካርታው ቦታን የሚለካበት መነሻ። በአገራችን አሮጌ ሉሆች ላይ «አዲንዳን» የሚል፣ አብሮትም «ክላርክ 1880» የሚል ታገኛላችሁ። ሌላ ስም ካያችሁ ከዚህ በታች ያሉትን ቁጥሮች አትጠቀሙ።
2. ፕሮጀክሽን (ክቡ ምድር ወረቀት ላይ የተዘረጋበት ስልት) እና ዞን። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ዩቲኤም በሚባለው ስልት ዞን 37 ውስጥ ናቸው።
3. የኮንቱር (እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኝ መስመር) የከፍታ ርቀት። በተለምዶ 20 ሜትር ነው፤ አምስተኛው መስመር ወፍሮ ይሳላል፣ ማለትም በየ100 ሜትሩ።
4. የአየር ፎቶው ዓመትና የኅትመቱ ዓመት። ሁለቱ አንድ አይደሉም። በካርታው ላይ ያለው ጫካ፣ መንገድና ቤት የፎቶው ዓመት ነው፤ ኅትመቱ ዓመታት ሊዘገይ ይችላል።
5. ዓመቱ ዓ.ም. ይሁን እ.ኤ.አ. ለዩ። የ7 ወይም 8 ዓመት ስህተት በቀላሉ ይገባል።
6. መግነጢሳዊ ሰሜንን የሚያሳየው ትንሽ ሥዕል፣ ከዓመቱ ጋር።

ደረጃ 3፦ ስካን

ሉህ ሙሉው ጎንና ቁመቱ ግማሽ ሜትር አልፎ ይሄዳል፤ የቢሮ ስካነር አይችለውም። ፕላን የሚያትሙ ትልልቅ ፕሎተር ቤቶች ውሰዱት። ተጠቅልሎ እንጂ ታጥፎ አይሂድ፤ የእጥፋት መስመር ግሪዱን (ካርታው ላይ የተሰመሩትን ካሬዎች) ያጣምማል።

በ300 ዲፒአይ አሠሩ። በዚህ ጥራት አንዷ ፒክስል መሬት ላይ 4 ሜትር ገደማ ናት፤ ከዚያ በላይ ማሳደግ ፋይሉን ከማክበድ በቀር ጥቅሙ አይታየኝም።

ስካነር ካልተገኘ ወረቀቱን መስታወት ሥር ዘርግታችሁ ከትክክል በላዩ ፎቶ አንሱ፣ የምትፈልጉትን ሸለቆ ብቻ፣ ቢያንስ አራት የግሪድ መስመሮች በሁለቱም አቅጣጫ እንዲገቡ አድርጋችሁ።

ከዚያ በፊት ግን ወረቀቱን ለኩ። በ1:50,000 አንድ የግሪድ ካሬ፣ መሬት ላይ 1 ኪሎ ሜትር የሆነው፣ 2 ሴንቲ ሜትር ነው፤ አስር ካሬ 20 ሴንቲ ሜትር መሆን አለበት። 19.8 ካገኛችሁ ወረቀቱ ተኮማትሯል ወይም የያዛችሁት ፎቶኮፒ ነው። አይጣልም፤ ደረጃ 4 ያስተካክለዋል። በማስመሪያ ብቻ ርቀት መለካት ግን ተዉ።

ደረጃ 4፦ ግሪዱን ለኮምፒውተሩ አስረዱት

ኪውጂአይኤስ ውስጥ ጂኦሪፈረንሰሩን (ስካኑን ከመሬት ቁጥር ጋር የሚያያይዘውን መሣሪያ) ክፈቱ፣ ስካኑን አስገቡ። ከዚህ ቀጥሎ ያለው ሥራ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ቡናችሁን አስቀድማችሁ ጠጡ።

1. ነጥብ የምትተክሉት የግሪድ መስመሮች በሚቋረጡበት መስቀለኛ ላይ ነው። መንደር ላይ አይደለም፣ ድልድይ ላይ አይደለም፣ ቤተ ክርስቲያን ላይም አይደለም። ምልክቶች ለንባብ ሲባል ከቦታቸው ተገፍተው ይሳላሉ፤ ግሪዱ ግን አይገፋም።

2. ቢያንስ 9 ነጥብ ትከሉ፦ አራቱ ማዕዘን፣ አራቱ ጎን፣ አንድ መሃል። የማዕዘኖቹን ብቻ የተከለ ሰው መሃሉ ላይ ወረቀቱ ማበጡን አያውቅም።

3. ቁጥሩን በሙሉ ጻፉ። ኅዳጉ ላይ በትልቁ የሚታየው «51» ብቻ ነው፤ የምትጽፉት ግን 451000 ነው። ሙሉ ቁጥሩ የሚገኘው በሉሁ ማዕዘን አጠገብ ነው፣ ትንንሾቹ አሃዞች ጎን ለጎን ተጽፈው። በዚህ ደን አካባቢ የምሥራቅ ቁጥር በ44 ወይም በ45 የሚጀምር ባለ 6 አሃዝ ነው። የሰሜኑ በ99 ይጀምራል፤ ወደ ደቡብ ከወረዳችሁ 98 ይሆናል።

4. ከ999000 ቀጥሎ የሚመጣው መስመር 1000000 ነው፤ ባለ 7 አሃዝ። ከ9 ዲግሪ ጥቂት ወደ ሰሜን ከፍ ስትሉ ታገኙታላችሁ። ኅዳጉ ላይ «00» ብቻ ስለሚታይ ብዙ ሰው 900000 ብሎ ይጽፍና ካርታው ተጣምሞ ይወጣበታል። እንጦጦ ተራራ ላይ የምትሠሩ ደግሞ ባለ 7 አሃዝ ላይ ናችሁ።

5. የመድረሻ ሥርዓቱን (ሲአርኤስ የሚለውን) ኢፒኤስጂ (የካርታ ሥርዓቶች መለያ ቁጥር) 20137 አድርጉ። ይህ አዲንዳን፣ ዩቲኤም 37 ሰሜን ነው። 32637 አትምረጡ። እሱም ዩቲኤም 37 ሰሜን ነው፣ ግን ጂፒኤስ በሚጠቀምበት ዳተም፣ በደብሊውጂኤስ 84። ስማቸው ስለሚመሳሰል ነው ሁሉም የሚወድቅበት።

6. የለውጥ ዓይነት፦ ለጥሩ ስካን ፖሊኖሚያል 1፣ ለስልክ ፎቶ ፕሮጀክቲቭ። ፖሊኖሚያል 3 ቁጥሩን ያሳምርላችኋል፤ በነጥቦቹ መካከል ያለውን መሬት ግን እንደ ጨርቅ ይጎትተዋል። አትንኩት።

7. የስህተት ሠንጠረዡን እዩ። ከ3 ፒክስል በታች ከሆነ መሬት ላይ 12 ሜትር ገደማ ነው፤ ለእግር መንገድ ይበቃል። አንዷ ነጥብ ብቻዋን 200 ፒክስል ካለች እሷ ላይ ቁጥር ተሳስታችኋል፤ አርሟት እንጂ አትሰርዟት። ሠንጠረዡ ደህና ሆኖ ካርታው ተገልብጦ ከወጣ ምሥራቅና ሰሜን ተቀያይረዋል።

ደረጃ 5፦ ዳተሙን ቀይሩ

አሁን ካርታው በራሱ ቋንቋ ትክክል ነው። ስልካችሁ ግን ሌላ ቋንቋ ነው የሚናገረው፦ ደብሊውጂኤስ 84። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በአዲስ አበባ ዙሪያ በዩቲኤም ቁጥር ሲታይ ወደ ምሥራቅ 95 ሜትር፣ ወደ ሰሜን 207 ሜትር ገደማ ነው። አንድ ላይ ወደ 230 ሜትር ይሆናል። ሜዳ ላይ ቢሆን ምንም አይደል፤ ሸለቆ ውስጥ ግን ከአንድ ፈፋ ወደ ጎረቤቱ ያሻግራል።

በእጅ ለመሥራት፦ ካርታው ላይ 450000፣ 992000 ያነበባችሁትን ነጥብ ጂፒኤስ ውስጥ 450095፣ 992207 ብላችሁ አስገቡ። ከጂፒኤስ ወደ ወረቀቱ ስትመለሱ ቀንሱ። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች እኔ የወረቀት ካርታዬ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ ጽፌያቸዋለሁ።

በኮምፒውተር፦

1. ካርታውን ወደ ኢፒኤስጂ 4326 (ደብሊውጂኤስ 84 በዲግሪ) «ዋርፕ» በሚለው መሣሪያ ቀይሩ።
2. ፕሮግራሙ የትኛውን መቀየሪያ ልጠቀም ብሎ ዝርዝር ያመጣል። ለኢትዮጵያ የተባለውን ምረጡ፤ ቁጥሮቹ -165፣ -11፣ 206 ናቸው።
3. «ቦልፓርክ» የሚል ምርጫ ካያችሁ እለፉት። እሱ ምንም ሳይቀይር እንደቀየረ ያስመስላል።
4. በጂኦቲፍ አስቀምጡ፤ በፋይሉ ስም ላይ የሉህ ቁጥሩንና «ደብሊውጂኤስ» የሚለውን ጨምሩ። ከስድስት ወር በኋላ የትኛው የቱ እንደሆነ አታስታውሱም።

ደረጃ 6፦ ቤት ቁጭ ብላችሁ ፈትሹ

የሳተላይት ምስል ከሥር አድርጋችሁ ካርታውን ግማሽ ግልጽ አድርጉት። የወንዞች መገናኛ፣ የገደል ጠርዝ፣ የኮረብታ ጫፍ ተመልከቱ። የዛፍ ጥላ ወንዙን ከሸፈነው ከኤስአርቲኤም የከፍታ መረጃ የ20 ሜትር ኮንቱር አውጥታችሁ በካርታው ኮንቱር ላይ ደርቡ። የሸለቆዎቹ እጥፋት አንዱ ባንዱ ላይ መቀመጥ አለበት። ከፍታው በአንድ መስመር ያህል ቢለያይ አትደናገጡ፦ ኤስአርቲኤም በየካቲት 2000 እ.ኤ.አ. ከጠፈር በራዳር የተለካ ነው፤ ጥቅጥቅ ባለ ጫካ ላይ ራዳሩ መሬቱን ሳይሆን ወደ ዛፉ አናት የቀረበውን ነው ያነበበው።

ልዩነት ካገኛችሁ በሜትር ለኩት። መጠኑ ራሱ በሽታውን ይነግራችኋል፤ መጨረሻ ላይ ዘርዝሬዋለሁ።

ደረጃ 7፦ ሸለቆውን ከመውረዳችሁ በፊት አንብቡት

የኮንቱር መስመሮች ወደ ላይ፣ ወደ ከፍታው ሾል ብለው ከታጠፉ ሸለቆ ነው። ወደ ታች ከሾሉ ሸንተረር ነው። ይህን ያምታታ ሰው ልወጣ ነው ብሎ ይወርዳል። ስለዚህ ሰማያዊ እርሳስ ያዙና ወንዞቹን፣ የሚቆራረጠውን መስመር ጭምር፣ እስከ ጫፋቸው አጉልታችሁ ሳሉ። ቀጥላችሁ ሸንተረሮቹን በቡናማ። አሥር ደቂቃ ይፈጃል፤ ሸለቆው ግን ዓይናችሁ ፊት ብድግ ይላል።

የቁልቁለቱ ነገር እንዲህ ነው፦ በሁለት ተከታታይ የ20 ሜትር መስመሮች መካከል 2 ሚሊ ሜትር ካለ ደህና አቀበት ነው፣ 20 በመቶ። 1 ሚሊ ሜትር ከሆነ 40 በመቶ፣ እጅ ዛፍ ይፈልጋል። ግማሽ ሚሊ ሜትር ከሆነ 80 በመቶ ነው፤ በዝናብ እዚያ አትውረዱ። መስመሮቹ ከተጣበቁና ከጠፉ ገደል ነው፤ ዙሩ።

ደኑ ከ2,200 ሜትር አካባቢ ተነስቶ የወጨጫ ጫፍ 3,385 ሜትር ላይ ያደርሳል። ሜዳ ላይ የለመዳችሁትን የጉዞ ሰዓት እጥፍ አድርጉ። እኔ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ የትም ልሁን የት መመለስ እጀምራለሁ፤ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ይጨልማል፣ ጫካ ውስጥ ደግሞ ቀድሞ ይመሻል።

ደረጃ 8፦ ጫካው ውስጥ

1. ከአንድ ቀን በፊት ሰበታ ወይም መናገሻ ያለ ሰው ስለ መንገዱ ሰላም ጠይቁ። ኬላው ላይ ተመዝገቡ፣ የሚከፈለውን ክፈሉ፣ በየትኛው ሸለቆ እንደምትሄዱ ለጥበቃዎቹ ንገሩ።

2. ከኬላው ሳትርቁ ሰማይ በሚታይበት ቦታ አምስት ደቂቃ ቁሙ። ሰማያዊዋ ነጥብ ካርታው ላይ ካላችሁበት ቦታ ጋር ገጠመች? ካልገጠመች ወደ ውስጥ አትግቡ።

3. ከዚያ በኋላ በየወንዝ መገናኛው አረጋግጡ። ጽድና ዝግባ ሥር ጂፒኤስ እስከ 20 ሜትርና ከዚያም በላይ ይዋዥቃል፤ ነጥቧ ስትዘል አብራችሁ አትዝለሉ። ከፍታውንም እዩ። የምትረግጡት ኮንቱር 2,600 መሆን ሲገባው ስልኩ 2,750 ካለ ሸንተረር ስታችኋል።

4. ምን እንደምታምኑ ለዩ። ኮንቱር፣ ትልልቅ ወንዝ፣ የተራራ ጫፍ፦ እመኑ። የጫካ ጠርዝ፣ የእግር መንገድ፣ ቤት፦ አትመኑ። አረንጓዴው ቀለም ያለቀበት ቦታ ዛሬ ባሕር ዛፍ ወይም ገብስ ሊሆን ይችላል።

5. ኮምፓስ ስትጠቀሙ ኅዳጉ ላይ ያለውን የመግነጢስ ልዩነት እንደወረደ አትውሰዱ፤ የታተመበት ዓመት ነው። በአዲስ አበባ ዙሪያ ዛሬም ከ5 ዲግሪ በታች ስለሆነ ለአጭር መንገድ አይገድልም፦ አንድ ዲግሪ ስህተት በ1 ኪሎ ሜትር 17 ሜትር ያስታል። የዘንድሮውን ለማወቅ የመግነጢስ ማስያ ድረ ገጾች አሉ።

6. ስሞቹን ጠይቁ። በካርታው ላይ ያሉት አብዛኞቹ የኦሮምኛ ስሞች መሬቱን ይናገራሉ፦ ቱሉ ኮረብታ፣ ላጋ ወንዝ፣ ቡርቃ ምንጭ፣ መልካ መሻገሪያ፣ ጨፌ ረግረጋማ ሜዳ። አንድ ከብት የሚጠብቁ ሽማግሌ «አባባ፣ ይህ ወንዝ ስሙ ማነው?» ስላቸው ካርታው ላይ ያለውን ስም ሰምተው ሳቁ። «እሱማ ታች ነው ልጄ፣ ከሁለቱ መገናኛ ወዲያ። ይሄ ላይኛው ሌላ ስም አለው» አሉኝ። ካርታ ሠሪው ታች የሰማውን ስም እስከ ምንጩ ጎትቶታል። ስለዚህ ስም ብቻ ይዛችሁ ሰው አትጠይቁ፤ መገናኛውን፣ ድንጋዩን፣ ዛፉን ጨምራችሁ ጠይቁ።

ሲበላሽ

*ነጥቧ ሁልጊዜ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ሸሽታ ትታያለች፣ 230 ሜትር ያህል።* ደረጃ 4 ላይ 32637 መርጣችኋል። 20137 ብላችሁ ደረጃ 4ን ድገሙት።

*ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ግን 150 ሜትር ያህል።* ወይ ቦልፓርክ ገብቷል፣ ወይ በግሪዱ ምትክ የማዕዘኖቹን ዲግሪ ወስዳችሁ እንደ ደብሊውጂኤስ ጽፋችኋል። ደረጃ 5ን ድገሙ።

*ግማሽ ኪሎ ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው።* ሦስቱን ቁጥሮች በእጃችሁ ስታስገቡ ምልክታቸው ተገልብጧል፤ -165 የነበረው 165 ሆኗል።

*ልዩነቱ በየቦታው አቅጣጫ ይቀይራል።* የዳተም ችግር አይደለም። ወረቀቱ ታጥፎ ነበር ወይም ነጥብ አንሷል። በምትሄዱበት ሸለቆ ዙሪያ አራት ነጥብ ጨምሩ።

*ሁለት ሉሆች ድንበራቸው ላይ አይገጥሙም።* መጀመሪያ የሁለቱን የፎቶ ዓመት አወዳድሩ። መንገዱ ብቻ ከተቋረጠ አንዱ የቆየ ነው፤ ተዉት። ኮንቱሩና ወንዙም ካልገጠሙ የአንዱ ጂኦሪፈረንስ ተበላሽቷል።

*ስልኩ ካርታውን አይከፍትም።* ፋይሉ ከብዷል። ሸለቆውን ብቻ ቆርጣችሁ አውጡና በጄፔግ ጭመቃ ጂኦቲፍ አድርጋችሁ እንደገና አስቀምጡ። ቤት ሆናችሁ፣ ስልኩን ከኢንተርኔት አላቅቃችሁ አንዴ ክፈቱት፤ ሱባ ደርሳችሁ ማውረድ እንጀምር ብትሉ ኔትወርኩ ላያወርድላችሁ ይችላል።